ፎቶ «ማጠብ» ሲባል ምን ይታጠባል?

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በዳንግላ ወይም በሞጣ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ዘመን የኖረ ሰው ሁሉ «ፊልሙን አሳጠብሁት»፣ «ፎቶው ገና አልታጠበም» እያለ ነው የኖረው። ቃሉ ሥራውን ከውጭ ለሚያየው ሰው ትክክል ነው፤ ሳህን አለ፣ ውሃ አለ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ የሚያለቀልቅ ፎቶ አንሺም አለ። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳህን ውስጥ የሚፈጸመው የመታጠብ ተቃራኒ ነው። ማጠብ የነበረን ነገር ማስወገድ ሲሆን፣ እዚያ ሳህን ውስጥ ግን ያልነበረ ነገር፣ ማለትም የጠራ የብር ቅንጣት፣ በዓይን ከማይታይ ዘር ላይ ተነሥቶ ያድጋል። እውነተኛው እጥበት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ዛሬ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሠርግ ፎቶ ጥቁረቱን ጠብቆ መቆየቱን ወይም ወደ ቢጫነት መለወጡን በአመዛኙ የወሰነው ደግሞ ይኸው ማንም ልብ ያላለው የመጨረሻው እጥበት ነው።

ጉዳዩ የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ የወላጆቹን ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ በስልክ ካነሣ በኋላ ዋናውን ወረቀት ይጥላል። ወደ ዲጂታል የተሻገሩ ፎቶ ቤቶችም በካርቶን የታጨቀ ኔጌቲቫቸውን፣ ማለትም ፎቶው የታተመበትን ፊልም፣ ቦታ ያዘ ብለው ያስወግዳሉ። ለምን ቢባል የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «አርጅቷል፣ እድሜው ነው» ይባላል። ይህ ምርመራ የተሳሳተ ነው። በአንድ አልበም ውስጥ በአንድ ዓመት የተነሡ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ጥቁር፣ አንዱ የደረቀ ቅጠል መስሎ ሲገኝ እድሜ ምክንያት ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1924 የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ሲጎበኙ የተነሡት ፎቶዎች ከመቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ይታያሉ፤ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የታተመ የተማሪ ጉርድ ፎቶ ፊቱ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱን የሚያስረዳው ኬሚስትሪ ነው።

ከስሙ እንነሣ። ቋንቋችን ገንዘቡንም ማዕድኑንም ብር ብሎ የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጎጃም ገበያ ለረጅም ዘመን የተገበያዩበት የማርትሬዛ ብር 28 ግራም ገደማ ሲመዝን ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነበር። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ግራም የሚሆን ብር ይይዛል። ስለዚህ በአንድ ማርትሬዛ ውስጥ ያለው ብር በፖስታ ካርድ መጠን አንድ ሺህ ያህል ፎቶ ያወጣል ማለት ነው። ግድግዳ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም፣ የሙሽራዋ ፀጉር፣ የሙሽራው ካፖርት፣ ከእናቶቻችን የአንገት መስቀል ጋር አንድ ዓይነት ብረት ነው፤ ነገር ግን እጅግ ደቅቆ ጄላቲን በሚባል ሙጫ መሰል ነገር ውስጥ የተበተነ ነው።

ፊልሙ ወይም ወረቀቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ብሩ ገና ብረት አይደለም። የብር ናይትሬትና የፖታሲየም ብሮማይድ ውሁዶች በሞቀ ጄላቲን ውስጥ ሲቀላቀሉ የማይሟማ የብር ብሮማይድ ክሪስታል ይፈጠራል። ድብልቁ በሙቀት ሲቆይ ትንንሾቹ ክሪስታሎች እየሟሙ በትልልቆቹ ላይ ስለሚሰፍሩ ትልልቆቹ እየወፈሩ ይሄዳሉ። ማር ሲረጋ አይቶ የሚያውቅ ሰው፣ ስኳሩ በሆነ ዘር ዙሪያ እየተጠራቀመ እንደሚጠነክር ሁሉ፣ የክሪስታል እድገት ምን እንደሚመስል ለመገመት አይቸገርም። ትልቅ ክሪስታል ብዙ ብርሃን ስለሚያጠምድ ፈጣን፣ ማለትም ጥቂት ብርሃን የሚበቃው፣ ፊልም ይሰጣል፣ ምስሉን ግን ያሻክረዋል። ጎኑ አንድ ማይክሮሜትር በሆነ፣ ማለትም ከፀጉር ውፍረት በብዙ አሥር እጥፍ ባነሰ አንድ ክሪስታል ውስጥ ሃያ ቢሊዮን ያህል የብር አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን የጎደለው የብር አቶም፣ አለ።

ካሜራው ሲከፈት በዚህ ክሪስታል ላይ የሚደርሰውን ነገር በመጀመሪያ በሚገባ ያብራሩት ሮናልድ ገርኒና ኔቪል ሞት የተባሉ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1938 ነበር። ብርሃን ከብሮማይዱ አንድ ኤሌክትሮን ያላቅቃል፤ ኤሌክትሮኑ በክሪስታሉ ውስጥ ሲንከራተት ቆይቶ በአንድ ጉድለት ላይ ይያዛል፤ በአካባቢው የሚንቀሳቀስ የብር አዮን ወደ እርሱ ተስቦ ሲገናኙ አንድ የብር አቶም ይወለዳል። ይህ በዚያው ቦታ ሲደጋገም ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አቶሞች ይከማቻሉ። አራት ገደማ ሲደርሱ ክሪስታሉ ምልክት ተደርጎበታል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ፊልሙን በማንኛውም ማይክሮስኮፕ ብንመረምረው ምስል አናይበትም፤ ከሃያ ቢሊዮን ውስጥ አራት ምን ይታያል? ሆኖም ምስሉ አለ። ሳይንሱ ስውር ምስል የሚለው ይህንን ነው።

ኤሌክትሮኑን የሚይዘው ጉድለት ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ወደ አንድ የሚያስገርም ታሪክ ይወስደናል። ጄላቲን የሚቀቀለው ከከብት ቆዳና አጥንት ነው። የፊልም ፋብሪካዎች አንዱ ጄላቲን ለብርሃን ንቁ የሆነ ፊልም ሲሰጥ ሌላው ድንዝ የሚሆንበት ምክንያት ለብዙ ዓመታት አልገባቸውም ነበር። በኮዳክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ሳሙኤል ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ1925 ምስጢሩን ይፋ አደረገ፤ ጥሩው ጄላቲን የመጣው የሰናፍጭ ወገን የሆኑ ተክሎችን ከበሉ ከብቶች ነበር። በፆም ወቅት ሰናፍጭ ስንቀምስ አፍንጫችንን የሚሰነፍጠን ያው ንጥረ ነገር በውስጡ ድኝ፣ በሳይንሱ አጠራር ሰልፈር፣ አለበት። ይህ ድኝ በክሪስታሉ ገጽ ላይ የብር ሰልፋይድ ነጥቦችን ስለሚፈጥር ኤሌክትሮኑ መያዣ ያገኛል። ጎመን ዘር በሚዘራበትና ከብት በሚረባበት አገር ለሚኖር አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይመስለውም ብዬ አስባለሁ። ድኙን ግን ልብ እንበለው፤ በኋላ በጠላትነት ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ሳህኑ እንግባ። በተለመደው የማጠቢያ መድኃኒት ውስጥ ሜቶልና ሃይድሮኩይኖን የሚባሉ ኤሌክትሮን ሰጪዎች፣ መድኃኒቱን አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ የሚያደርግ ሶዲየም ካርቦኔት ወይም ቦራክስ፣ መድኃኒቱ በአየር ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ሶዲየም ሰልፋይት፣ አንዳንዴም ሥራውን የሚገታ ጥቂት ፖታሲየም ብሮማይድ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1927 ኮዳክ ያወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት ዲ-76 የተባለው መድኃኒት በአንድ ሊትር ውስጥ 2 ግራም ሜቶል፣ 5 ግራም ሃይድሮኩይኖን፣ 2 ግራም ቦራክስና 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት ነው። መድኃኒቱ ብርሃን የነካውንም ያልነካውንም ክሪስታል ወደ ብርነት የመለወጥ አቅም አለው። ታዲያ ምስል እንዴት ይወጣል? ሁሉም ወደ ብር ከተለወጠ ወረቀቱ በሙሉ ይጠቁር ነበር።

መልሱን ማንኛዋም እንጀራ ጋጋሪ ታውቀዋለች። እርሾ የተጨመረበት ሊጥና ያልተጨመረበት ሊጥ ሁለቱም ውለው አድረው መቡካታቸው አይቀርም፤ እርሾ ያለው ግን ቀድሞ ይነሣል። አራቱ የብር አቶሞች የክሪስታሉ እርሾ ናቸው። ኤሌክትሮኖች ከመድኃኒቱ ወደ ክሪስታሉ በቀጥታ ለመግባት ይከብዳቸዋል፤ የብር ነጥቧ ግን ብረት በመሆኗ ድልድይ ትሆናቸዋለች። በአንድ ወገኗ ከመድኃኒቱ ኤሌክትሮን ትቀበላለች፣ በሌላው ወገን የብር አዮኖች ከክሪስታሉ እየመጡ ኤሌክትሮኑን ወስደው አቶም ይሆኑና በራሷ ላይ ይደረባሉ። በተደረቡ ቁጥር ነጥቧ ትሰፋለች፤ በሰፋች ቁጥር ሥራው ይፋጠናል፤ ክሪስታሉ በሙሉ ወደ ብር እስኪለወጥ ድረስ አይቆምም። ብርሃን የሠራው ጥቂት አቶም እንዲህ ባለ መንገድ ከመቶ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይበዛል። ምስሉ እንግዲህ የጊዜ ልዩነት ውጤት ነው፤ ፎቶ አንሺው ወረቀቱን የሚያወጣው እርሾ ያላቸው ተነሥተው፣ የሌላቸው ገና ሳይጀምሩ ነው። ከዘገየ እነዚያም ይጀምሩና ነጩ ቦታ ግራጫ ጭጋግ ይለብሳል። ምሳሌው የሚያነክሰው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሾ ሕይወት አለው፣ የብር ነጥብ ግን ሕይወት ሳይኖራት ራሷን ታባዛለች።

የሚያድገው ብር ቅርጹም ትኩረት ይገባዋል። አንድ ክሪስታል በተለመደው መንገድ ሲለወጥ ድቡልቡል ሆኖ አይቀርም፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የተጠቀለለ የሐር ክር ወይም የተነደፈ ጥጥ ይመስላል። ብርሃን በዚህ የክር ጫካ ውስጥ ገብቶ መውጫ ስለሚያጣ የሚያብለጨልጨው ብር ለዓይን ጥቁር ሆኖ ይታያል። በአንጻሩ ብሩ ከክሪስታሉ ወጥቶ በመድኃኒቱ ውስጥ ከሟሟ በኋላ በነጥብ ላይ ሲሰፍር ድፍንና ጠባብ ቅንጣት ይሆናል፤ በዲ-76 ውስጥ ያለው ብዙ ሰልፋይት በተወሰነ ደረጃ ይህን ያደርጋል፣ ምስሉን የሚያለሰልሰውም በዚህ ነው። ቅንጣቱ ወደ አሥርና ሃያ ናኖሜትር ከወረደ ደግሞ ሰማያዊውን ብርሃን ብቻ እየዋጠ ራሱ ቢጫ ይመስላል። ስለዚህ የብር ቀለም የሚወሰነው በብሩ ማንነት ሳይሆን በመጠኑና በቅርጹ ነው። ይህን ነገር ያላወቀ ሰው ፎቶ ለምን ቢጫ እንደሚሆን ሊረዳ አይችልም፤ ጥቁሩ ክር ተበልቶ ወደ ደቃቅ ቅንጣት ሲፈርስ ብሩ ሳይጠፋ ቀለሙ ይጠፋል።

ስለ ሙቀት ጥቂት ልበል። የመድኃኒቱ ሰንጠረዥ የሚዘጋጀው ለ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ነሐሴ ላይ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በእንስራ ያደረ ውሃ ከዚያ በታች መሆኑን ለማወቅ ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ሃይድሮኩይኖን ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች ሥራውን ሊያቆም ምንም አይቀረው፣ ሜቶል ግን በዝግታም ቢሆን ይቀጥላል፤ ጥልቅ ጥቁረት የሚሰጠው ሃይድሮኩይኖኑ ስለሆነ ውጤቱ ፈዛዛ ግራጫ ፎቶ ይሆናል። በአሮጌ አልበሞች ውስጥ የምናየው አመድማ የክረምት ፎቶ ሁሉ የደበዘዘ አይደለም፤ አንዳንዱ ከመጀመሪያውም በቅጡ ሳይነሣ የቀረ ነው። (በነገራችን ላይ ኤሌክትሮን መስጠት የፋብሪካ ኬሚካል ብቻ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካው የሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም አንድ መምህርና ተማሪዎቹ በቡናና በሶዲየም ካርቦኔት ፊልም አጥበዋል፤ በመርሕ ደረጃ የዘጌ ቡናም ይህን ከመሥራት የሚያግደው የለም፣ እኔ ግን ቡናውን ለጀበናው ብተወው እመርጣለሁ።)

ምስሉ ከወጣ በኋላ ያልተለወጠው የብር ብሮማይድ ገና በወረቀቱ ውስጥ ነው፤ ብርሃን ካየ ቀስ በቀስ ይጠቁራል። እርሱን የሚያሟማው ፎቶ አንሺዎቻችን ሃይፖ የሚሉት ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው። ጆን ኸርሸል የተባለው እንግሊዛዊ ይህ ጨው የብር ውሁዶችን እንደሚያሟማ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1819 ነበር፤ ፎቶግራፍ ይፋ የሆነው ከዚያ ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1839 ነው። ታዮሰልፌት ግን በውስጡ ድኝ ይዟል። በወረቀቱ ውስጥ ከቀረ ቀስ በቀስ ይፈርስና ድኙን ለብሩ ያቀብለዋል፤ ጥቁሩ የብር ክር ቡናማና ቢጫ የብር ሰልፋይድ ይሆናል። ፊልሙን ንቁ ያደረገው ድኝ፣ ያኔ በጥቂቱና በቦታው ስለነበረ ጠቀመ፤ አሁን በብዛትና ያለ ቦታው ሲመጣ ምስሉን ይበላል። ለንደን ውስጥ የፎቶግራፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1855 የመደብዘዝን ምክንያት እንዲያጠና ያቋቋመው ኮሚቴም ዋነኛ ተጠያቂ ያደረገው ታጥቦ ያልወጣ ሃይፖን ነበር። ስለዚህ «እድሜ ነው» የሚለውን መልስ የሚያስተባብል እውቀት ከ170 ዓመት በፊት በእጅ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የጎጃም ሁኔታ የሚገባው። ተራ የፎቶ ወረቀት፣ ፕላስቲክ ያልተቀባው፣ ሃይፖውን በቃጫው ውስጥ ስለሚይዝ በሚፈስ ውሃ አንድ ሰዓት ያህል መታጠብ ይፈልጋል። በኋላ የመጣው ፕላስቲክ የተቀባ ወረቀት ግን ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ቧንቧ ባልገባበት ወይም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ከተማ፣ ውሃው ከምንጭ በእንስራ ወይም በጀሪካን እየተቀዳ፣ ደንበኛው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ አንድ ሰዓት የሚያጥብ ማን ነው? ፎቶ አንሺዎቹን መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ቢሆንም በዚያው ጥቂት ውሃ የተሻለ መሥራት ይቻል ነበር። ሃይፖ ከወረቀት የሚወጣው በስርገት፣ ማለትም ከበዛበት ወዳነሰበት ቀስ እያለ በመዝለቅ፣ ስለሆነ፣ በአንድ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ሁሉንም አንድ ላይ ዘፍዝፎ ከመተው ያንኑ ውሃ ከፋፍሎ አሥር ጊዜ መቀያየር እጅግ ይበልጣል። ልብስ አጣቢ ይህን ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ በብዙ ውሃ ከማለቅለቅ ይልቅ በጥቂት በጥቂቱ ደጋግማ ታለቀልቃለች።

ጉዳቱ ከየት እንደመጣ ፎቶው ራሱ ይናገራል። መጀመሪያ የጠፉት ፈዛዛዎቹ ቦታዎች፣ ማለትም የፊት ገጽታና የነጠላው እጥፋት ከሆኑ፣ ጥቁሩ ቦታም ወደ ቡናማ ካዘነበለ፣ እጥበቱ ጎድሏል፤ በእነዚያ ቦታዎች የብር ቅንጣቱ ትንሽና ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ ያልቃል። ነጩ ቦታ ራሱ ቢጫ ወይም ቡናማ ነቁጥ ካወጣ፣ ሃይፖው አገልግሎቱ ያለቀ ነበር፤ ያላወጣውን የብር ውሁድ ጥሎት ሄዷል። ጥቁሩ ቦታ ወደ ብርሃን አዘንብለው ሲያዩት መስታወት መስሎ ሰማያዊ ብልጭታ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የአጣቢው ሳይሆን የቤቱ ነው። እርጥበትና በአየር ያሉ ኦክሳይድ አድራጊ ጋዞች ብሩን መልሰው ወደ አዮን ይለውጡታል፤ አዮኑ በጄላቲኑ ውስጥ ወደ ገጹ ይጓዝና እዚያ እንደገና ብር ይሆናል። በሳህኑ ውስጥ የተደረገው ጉዞ እንደገና ተጀምሮ፣ ያለ ሥርዓት ይቀጥላል ማለት ነው። በጣና ዳር እርጥበት በባሕር ዳር የኖረ አልበም፣ በተለይ ክረምቱን በጣውላ ሣጥን ተዘግቶ ካሳለፈ፣ ጠርዝ ጠርዙን እንዲህ ቢያብለጨልጭ አያስደንቅም። ከብት ከሰው አጠገብ በሚያድርበት የገጠር ቤት ደግሞ ከእበትና ከሽንት የሚወጣው፣ የበሰበሰ እንቁላል ጠረን ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ሀብልንና የአንገት መስቀልን እንደሚያጠቁር ሁሉ ፎቶውንም ይደርስበታል። መስቀሉ በአመድ ተወልውሎ ይነጣል፤ ፎቶ የወለወለ ግን ምስሉን አብሮ ይጠርገዋል።

አጠገባችን ያለው የብራና መጽሐፍ ለማነጻጸር ይመቻል። በጣና ገዳማት ያሉት ብራናዎች ዘመናትን የተሻገሩት ጥቁር ቀለማቸው በአብዛኛው ከጥላሸት የተሠራ ስለሆነ ነው፤ ካርቦን በተራ ሙቀት ከአየርም ከድኝም ጋር አይጣላም። ብር ይጣላል። ስለዚህ ለብራናው የበቃው ማኅደርና ደረቅ ግድግዳ ለፎቶው አይበቃም።

ወደ ዛሬው ጉዳይ ስንመለስ፣ በስልክ ማንሳት መልካም ነው፤ ዋናውን ለመጣል ፈቃድ ግን አይደለም። የስልክ ቅጂ ምስሉ በዚያ ቀን የደረሰበትን ደረጃ ብቻ ይይዛል፤ ወደ ሰልፋይድ የተለወጠው ብር ግን አሁንም በቦታው ስላለ በተሻለ መሣሪያና ብርሃን ሲነሣ በስልኩ ያልታየ ፊት ሊወጣ ይችላል። ኔጌቲቭ ከተገኘ ከማንኛውም ህትመት ይቀድማል፤ ፊልም ሃይፖ የሚይዝ የወረቀት ቃጫ ስለሌለው በትንሽ ውሃም ቶሎ ይጠራል፣ ስለዚህ የግድግዳው ፎቶ ቢጫ ሆኖ ሳለ ኔጌቲቩ ጥቁር ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። በየአልጋው ሥር በፌስታል የሚቀመጠው የራጅ ፊልምም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በሁለቱም ፊቱ የብር ሽፋን ስላለው የያዘው ብር ከፎቶ ወረቀት የበለጠ ነው።

ፎቶን ላሚኔት ማድረግ፣ በሚሸት ፕላስቲክ አልበም ውስጥ መክተት፣ በማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ መስቀልና እንደገና አጥበዋለሁ ብሎ ውሃ ውስጥ መንከር ሁሉም ይጎዳሉ፤ ያረጀ ጄላቲን ውሃ ሲነካው አብጦ ሊላጥ ይችላል። ንጹሕ የወረቀት ፖስታ፣ ደረቅ ቁም ሣጥንና በበጋ ወራት ማናፈስ ይሻላሉ። በክረምት እርጥበት ከፍሬም መስታወቱ ጋር የተጣበቀ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ለማላቀቅ አይሞከር፤ ጄላቲኑ ከወረቀቱ ይልቅ ለመስታወቱ ስለሚያደላ የሙሽራዋ ፊት መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ይነሣ፣ ከነመስታወቱም ይቀመጥ።